ደካማው ትስስር እንዴት ይጠነክራል?

(በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ነጭ ዝቃጭ ለመናገር ነው። ርእሱ እጅግ ትንሽ መስሎ እንደሚታያችሁ እናውቃለን። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ አገር ዕድገት ብዙ ከባድ ነገር ሲነገር ሰምታችኋል። እኛ ግን በአንድ ብርጭቆ ግርጌ ተቀምጦ ስላገኘነው፣ ከአንድ ማንኪያ ስለማይበልጥ ነገር ልንነግራችሁ መጥተናል። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶናል፤ አንድ ወዳጃችንንም ሊያሳጣን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በመጨረሻም ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ እያነበብን ስናልፈው የኖርነውን አንድ ቁም ነገር በሚገባ አስተምሮናል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት የኬሚስትሪና የፋርማሲ ተማሪዎች መድኃኒት ተሸክሞ ሊቆይ የሚችል ወፍራምና ዝልግልግ ፈሳሽ ለማዘጋጀት ተነሣን። ለዚሁም ሁለት ነገሮች መረጥን። አንደኛው ፖሊአክሪሊክ አሲድ ይባላል፤ ሁለተኛው ፖሊኤትሊን ግላይኮል ይባላል። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ እየብቻቸው ሲሟሙም የጠራ ፈሳሽ ይሰጣሉ። አሳባችን ቀላል ነበር። አንዱ ውሃን የሚያወፍር ከሆነ፣ ሌላውም የሚያወፍር ከሆነ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ይልቁን ያወፍራሉ ብለን አሰብን። ከእያንዳንዱ አንዳንድ ግራም ወስደን እየብቻው በመቶ ግራም የተጣራ ውሃ አሟሟንና አንዱን ሙሙት በሌላው ላይ ጨመርነው።

ወዲያውኑ የጠራው ፈሳሽ እንደ ወተት ነጣ። ጥቂት ቆይቶም ነጩ ነገር ወደ ታች ዘቀጠና ከብርጭቆው ግርጌ ተጣበቀ። ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ከላይ የቀረው ፈሳሽ መወፈሩ ቀርቶ ከፊተኛው የቀጠነ መሆኑ ነው። ሁለት ወፍራም ነገር ደምረን ቀጭን ነገር አገኘን።

ሰው የማያውቀው ነገር ሲደርስበት አስቀድሞ የሚፈልገው ምክንያቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ዕቃ ያጠበው ወዳጃችን፣ «ሳሙናውን በሚገባ አላለቀለቅህም» ተባለ። እንደገና አጠበ፤ ፈሳሹም እንደገና ነጣ። «እንግዲያው ጠርሙስ ተሳስተሃል» ተባለ። የጠርሙሶቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ እያነበበ አሳየን፤ አላመንነውም። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት ያህል ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ አልተቀመጠም።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ይኸው ወዳጃችን መጥቶ ያንን ወተት የመሰለ ፈሳሽ በቱቦ ይዞ በፊታችን ቆመ። ምንም ሳይናገር ጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመረበትና አወዛወዘው። ፈሳሹ ጠራ። ቀጥሎም ጥቂት ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨመረበት። ፈሳሹ እንደገና ነጣ። ሦስት ጊዜ አጥርቶ ሦስት ጊዜ አነጣው። ከዚያም፣ «ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ባዘዝሁት ጊዜ ሄዶ በጠራሁት ጊዜ ይመለስ ነበርን?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ዛሬ የምንነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ ነገሮች ምን እንደ ሆኑ እንይ። ሁለቱም ፖሊመሮች ናቸው። ፖሊመር ማለት አንድ ዐይነት ትንሽ ክፍል እየተደጋገመ የተቀጣጠለበት እጅግ ረዥም ሞሌኪውል ነው፤ ብዙ ቀለበት ያለው ሰንሰለት ብላችሁ ልታስቡት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሞሌኪውል መኖሩን ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እ.ኤ.አ. ሲያስረዳ ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ግን ለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። በቤታችንም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውሃውን የሚያዝለገልገው እንዲህ ያለ በውሃ የሚሟሟ ረዥም ሰንሰለት ነው። ከግራር ዛፍ የሚገኘውም ሙጫ ከዚሁ ወገን ነው።

እኛ የተጠቀምንበት ፖሊኤትሊን ግላይኮል የሞሌኪውል ክብደቱ 20,000 ያህል ነው። የአንዱ ቀለበት ክብደት 44 ስለ ሆነ በአንድ ሰንሰለት ላይ ወደ 450 የሚሆኑ ቀለበቶች አሉ ማለት ነው። በእያንዳንዱም ቀለበት ላይ አንድ የኦክሲጅን አቶም ተቀምጧል። ፖሊአክሪሊክ አሲድ ደግሞ በየቀለበቱ ላይ ኮምጣጤ ውስጥ ከሚገኘው ጋር አንድ ዐይነት የሆነ የአሲድ ቡድን አለው፤ በዚህም ቡድን ጫፍ ላይ ሊይዝ የሚፈልግ ሃይድሮጅን ይገኛል። እንግዲህ አንዱ ሰንሰለት በየቀለበቱ የሚሰጥ እጅ፣ ሌላው ሰንሰለት በየቀለበቱ የሚቀበል እጅ አለው።

ይህ ሃይድሮጅን በአንድ በኩል የገዛ ኦክሲጅኑን እንደ ያዘ በሌላ በኩል የጎረቤቱን ኦክሲጅን ሲስብ የሚፈጠረው የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። ላቲመርና ሮድቡሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን አሳብ ለውሃ የገለጡት በ1920 እ.ኤ.አ. ነው። ትስስሩ ደካማ ነው። ሁለት የካርቦን አቶሞችን ለመለያየት በሞል ወደ 350 ኪሎጁል የሚጠጋ ኀይል ሲያስፈልግ፣ ለሃይድሮጅን ትስስር ግን ብዙ ጊዜ 20 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ውሃ ውስጥ ደግሞ ይህ ደካማ ትስስር በየቅጽበቱ እየተፈታ እየታሰረ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ውሃ ራሱ የሚሰጥም የሚቀበልም እጅ አለው። የእኛን ብርጭቆ ብናሰላው ለአንድ የአሲድ ቡድን ወደ 800 የሚሆኑ የውሃ ሞሌኪውሎች ይደርሱታል። ታዲያ በ800 ውሃ የተከበበ አሲድ ውሃውን ሁሉ ትቶ በሩቅ ያለውን የሌላውን ሰንሰለት ኦክሲጅን እንዴት ይመርጣል? ከውሃ ጋር የነበረውን ትስስር ፈትቶ ከፖሊመሩ ጋር ቢተሳሰር ትርፉ እጅግ ጥቂት ነው። በእርግጥም ሰንሰለት ያልሆነውን ተራ ኮምጣጤ ከፖሊኤትሊን ግላይኮል ጋር ብንቀላቅለው ምንም ነገር አይታይም።

ምሥጢሩ ያለው በሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ሁለት ሰንሰለቶች ውሃ ውስጥ ሲንከራተቱ ተገናኝተው በአንድ ቦታ ቢያያዙ፣ ለመጀመሪያው መያያዝ ዋጋ ይከፍላሉ፤ እንደ ልባቸው የመንቀሳቀስ ነጻነታቸውን ያጣሉና። ሁለተኛው ቀለበት ግን ያንን ዋጋ እንደ ገና አይከፍልም፤ ጎረቤቱ ስለ ታሰረ ከአቻው አጠገብ ቀርቧልና። ሦስተኛውም አራተኛውም እንደዚሁ። ከዚህም በላይ ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲቀራረቡ ቀድሞ ታስረው የነበሩት የውሃ ሞሌኪውሎች ነጻ ይወጣሉ፤ ይህም ጥምሩን ይረዳዋል። ነገሩ የጃኬት ዚፕ ሲዘጋ እንደምናየው ነው፤ ጫፉን ማገናኘት ያስቸግራል፤ አንዴ ከተገናኘ ግን ጥርሱ ሁሉ ተከታትሎ ይገባል።

ይህን በቀላል ሒሳብ እናስረዳ። ሒሳቡ ለምሳሌ ያህል እንጂ የተለካ ቁጥር አይደለም። ለመጀመሪያው መገናኘት የሚከፈለው ዋጋ 100 ነው እንበል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥንድ ቀለበት ከመፈታት ይልቅ መታሰርን የሚመርጠው በጥቂቱ ብቻ፣ ይኸውም 1.1 ለ1 ቢሆን፣ ቁጥሩ በየቀለበቱ ይባዛል። ዘጠኝ ቀለበቶች ሲሆኑ ብዜቱ 2.4 ያህል ነው፤ ዋጋውን አይከፍልም፤ ሰንሰለቶቹም ይለያያሉ። ሃምሳ ሲሆኑ ብዜቱ ወደ 117 ይደርሳል፤ ዋጋውን ገና መክፈሉ ነው። መቶ ሲሆኑ ግን ከ13,000 ያልፋል፤ ያን ጊዜ ማን ይፈታቸዋል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን ሒሳብ ያውቁት ኖሯል።

ወዳጃችን ይህንኑ በሥራ አሳየን። 20,000 በሚመዝነው ፖሊኤትሊን ግላይኮል ፋንታ 400 የሚመዝነውንና ዘጠኝ ያህል ቀለበቶች ብቻ ያሉትን አጭሩን ወሰደ። የግራሙ መጠን አልተለወጠም፤ የኦክሲጅኑም ቁጥር ያው ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ፈሳሹ እንደ ጠራ ቀረ። እጆቹ ሁሉ ነበሩ፤ በአንድ ሰንሰለት ላይ ግን አልተሰለፉም።

እኛ ዘግይተን ያገኘነውን ሌሎች ቀድመው መርምረውታል። በ1959 እ.ኤ.አ. ስሚዝ፣ ዊንስሎውና ፒተርሰን የተባሉ አሜሪካውያን እነዚህ ሁለት ዐይነት ፖሊመሮች በውሃ ውስጥ ተጣምረው እንደሚዘቅጡ ጽፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ካባኖቭ፣ ፓፒሶቭና ባልደረቦቻቸው ርዝመቱን በጥንቃቄ መረመሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት ፖሊኤትሊን ግላይኮል ከፖሊአክሪሊክ አሲድ ጋር ለመጣመር የሞሌኪውሉ ክብደት ወደ 6,000 መድረስ አለበት፤ ይህም ወደ 136 ቀለበቶች ማለት ነው። ከፖሊሜታክሪሊክ አሲድ ጋር ለመጣመር ግን 2,000 ያህል፣ ይኸውም 45 ቀለበቶች ይበቃዋል።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ፖሊሜታክሪሊክ አሲድ ከፖሊአክሪሊክ አሲድ የሚለየው በየቀለበቱ ላይ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለበት ትንሽ ቡድን በመጨመሩ ብቻ ነው። ይህ ቡድን ዘይት ከውሃ እንደሚሸሽ ሁሉ ከውሃ ይሸሻል። ስለዚህ ሰንሰለቶቹ ሲጣመሩ ከውሃ የሚሸሹት ክፍሎች ተጠጋግተው ይደበቃሉ፤ የሃይድሮጅኑንም ትስስር ከጀርባ ይደግፉታል። ይህ ጥምር ሲሞቅ እንኳ ይበልጥ ይጠናከራል። እንግዲህ ስሙ የሃይድሮጅን ትስስር ይባል እንጂ ሥራው የሁለት ኀይሎች ኅብረት ነው። ዝቃጩም ከውሃ የሚለየው ስለዚህ ነው። ቀድሞ ውሃን ይዘው የነበሩት እጆች እርስ በርሳቸው ከተያያዙ በኋላ ከውጭ የሚቀረው ውሃን የማይወድደው ወገን ይሆናል። ሰንሰለቶቹ ተዘርግተው ውሃውን መያዛቸው ቀርቶ ተኰማትረው ስለሚጠቀለሉ ከላይ ያለው ፈሳሽ ይቀጥናል።

የቀረው የጠብታዎቹ ነገር ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የአሲዱ ቡድን ሃይድሮጅኑን ይለቅቃል። ሃይድሮጅኑን የለቀቀ ቡድን የሚሰጠው እጅ የለውም፤ በዚያም ላይ ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚኖረው በውሃ መከበብን ይመርጣል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ጥምሩን ለማፍረስ የአሲዱን ቡድኖች ሁሉ ማስለቀቅ አለማስፈለጉ ነው። ከመቶው ዐሥር ያህሉ ሃይድሮጅናቸውን ሲለቁ ጥምሩ እጅግ ይደክማል። ምክንያቱን አሁን ራሳችሁ ልትነግሩን ትችላላችሁ። ከዐሥር ቀለበት አንዱ ከተበላሸ ዚፑ በየዐሥር ጥርሱ ይቋረጣል፤ ዐሥር ቀለበት ደግሞ ለብቻው ዋጋውን እንደማይከፍል አስልተናል። እንግዲህ ዘጠኙ በጎ ሆነው ሳሉ በአንዱ ጉድለት ሁሉም ይፈታሉ። አሲድ ሲጨመር ደግሞ ሃይድሮጅኑ ይመለሳል፤ ዚፑም ይዘጋል። ለእኛዎቹ ሁለት ፖሊመሮች ይህ የሚሆነው ፒ.ኤች. ወደ 3 ገደማ ሲወርድ ነው። የእኛ ሙሙት አሲድ ሳንጨምርበት ገና ከመጀመሪያው የነጣው ፖሊአክሪሊክ አሲድ ራሱ ውሃውን እስከዚያ ድረስ ስለሚያኮመጥጠው ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በየቦታው ማየት ጀመርን። ያልበሰለ ሙዝ ስትበሉ፣ ወይም ብዙ የፈላ ወፍራም ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን ጭምድድ አድርጎ የሚያደርቀው ታኒን የተባለው ነገር ነው። ታኒን ብዙ እጆች አሉት፤ በእነርሱም የምራቃችሁን ፕሮቲን ይይዝና ያዘቅጠዋል፤ የምራቁም ማለስለስ ይቀራል። ከእንጨት ልጥ በተገኘ ታኒን ቆዳ የሚለፋውም በዚሁ ዐይነት መያያዝ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን በገዛ አካላችን ውስጥ አለ። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 እ.ኤ.አ. የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ሲገልጡ፣ ለዚህም የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥዕል ትልቅ እርዳታ ሲያደርግ፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች የተያያዙት በሃይድሮጅን ትስስር መሆኑ ታወቀ። የዘር ጽሑፋችን የተያዘው በደካማ ትስስር ነው። ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ሊከፈትና ሊነበብ ባልቻለ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለማን ይጠቅማል?» ሳትሉ አትቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለት መልስ አለን።

አንደኛው ተስፋ ነው። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ኢንሱሊንን በመርፌ የሚወስዱት በአፍ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት ውስጥ ያለው ፈጪ ኀይል ስለሚሰባብረው ነው። ጨጓራ እጅግ ኮምጣጣ ነው፤ አንጀት ግን አይደለም። ታዲያ በኮምጣጣ ቦታ የሚዘጋ፣ ኮምጣጤ በሌለበት የሚከፈት ዚፕ ከተገኘ መድኃኒቱን በጨጓራ ውስጥ ሸሽጎ ወደ አንጀት ሊያደርሰው ይችላል ማለት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሎውማን፣ ፔፓስና ጃፓናውያን ባልደረቦቻቸው በፖሊሜታክሪሊክ አሲድ ላይ ፖሊኤትሊን ግላይኮልን ቀጥለው በሠሩት ዝልግልግ ነገር ውስጥ ኢንሱሊን ከትተው ለአይጦች በአፍ ሰጡ፤ የአይጦቹም የደም ስኳር ቀነሰ። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረዥም መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም በየቀኑ መርፌ የሚወጋ ዘመድ ያለው ሁሉ የዚህ ነገር ዋጋ ይገባዋል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይልቁንም ለፋርማሲ ተማሪዎች። ፖሊኤትሊን ግላይኮል፣ ፖቪዶን የሚባለው ፖሊቪኒል ፓይሮሊዶንና ከፖሊአክሪሊክ አሲድ የተሠራው ካርቦመር በልዩ ልዩ ኪኒንና ቅባት ውስጥ የሚገቡ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲመረመሩ ጉዳት የላቸውም። ነገር ግን ካርቦመርንና ፖቪዶንን በአንድ ኪኒን ውስጥ ያገናኘ ሰው ኪኒኑ በጨጓራ አሲድ ሲርስ ሁለቱ እንደሚጣመሩና መድኃኒቱን አሥረው እንደሚያዘገዩት ማወቅ አለበት። ዐውቆ ቢያደርገው መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ሊጠቀምበት ይችላል። ሳያውቅ ቢያደርገው ግን ሕመምተኛው በጊዜው ሊያገኘው የሚገባውን አያገኝም። የሁለት በጎ ነገሮች ድምር ሁልጊዜ በጎ ነው ማለት አይቻልም። እየብቻቸው የተፈተኑ ነገሮች አብረው ሆነውም መፈተን አለባቸው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤

ስለ ኅብረት የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥርን ያወድሳል። እኛ ከዚህ ዝቃጭ የተማርነው ግን ቁጥር ብቻ እንደማይበቃ ነው። አጭሩ ፖሊመር የእጅ ቁጥር አልጎደለበትም፤ የጎደለው መቀጣጠሉ ነው። ረዥሙም ቢሆን ከዐሥሩ አንዱ ሲጎድልበት ዘጠኙ አይረዱትም።

ይህን ደግሞ በራሳችን ላይ አይተነዋል። አራት ሆነን ሥራ ጀመርን፤ ማስረጃ ሳይኖረን አንዱን አስወጣነው፤ ሦስታችን በቀረንበት ሳምንት አንድ ነገር እንኳ ማግኘት አልቻልንም። መልሱን ያገኘው ያባረርነው ነው። እርሱ ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ መድረክ ላይ ቆሟል፤ ስሙ እንዳይነሣም ለምኖናልና አንጠራውም። ዕቃው ንጹሕ እንደ ነበረ ግን በኅብረቱ አባሎች ሁሉ ፊት እንመሰክራለን። ይቅርታም እንጠይቀዋለን።

ቱቦው ይኸው በጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶችም ከነጠብጣቢያቸው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ስብሰባው ሲያበቃ ማንም ቀርቦ ፈሳሹን በገዛ እጁ ሊያጠራውና ሊያነጣው ይችላል። እኛ በነገርናችሁ ብቻ እንዳታምኑ አደራ እንላለን።